ተጠባባቂ የሌለው ሰልፍ

ትልልቆቹ የድራም ኮር ቡድኖች እስከ 165 ወጣት አሰልፈው ሜዳ ይገባሉ። ልጄ የምትጫወትበት ቡድን ግን ባንዲራ ያዦቹ ተጨምረውም ስልሳ አይሞላም። ሜዳው ለሁለቱም አንድ ነው፤ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ፣ ርዝመቱ 91 ሜትር፣ ስፋቱ 49 ሜትር ገደማ። ነጥቡም ለሁለቱም ከ100 ነው የሚሰጠው። ታዲያ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እንዴት ብለው ይወዳደራሉ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው የሚገምተው ዓይነት አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ድራም ኮር የማርሽ ባንድ ዘመድ ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን ግን የለውም። የነሐስ መሣሪያ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ባንዲራ እያውለበለቡ የሚወዛወዙ ልጆች አሉ። ከፊት ለፊት ደግሞ ማሪምባና ቫይብራፎን፣ በዱላ የሚመቱ ትልልቅ የዜማ መሣሪያዎች፣ ተደርድሮ ይቆማል። ወጣቶቹ እየተጫወቱ ይራመዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ሜዳው ላይ ቅርጽ ይሠራሉ። በወጣቶቹ ምድብ 22 ዓመት የሞላው ልጅ ይሰናበታል። ውድድሩን የሚመራው ድራም ኮርስ ኢንተርናሽናል ነው፣ በአጭሩ ዲሲአይ። የተቋቋመው በ1971 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ኋይትዋተር ላይ ተካሄደ።

ከዚያ በፊት ድራም ኮር የሰፈር ነገር ነበር። የጦር አርበኞች ማኅበራትና የካቶሊክ አጥቢያዎች ልጆችን ሰብስበው ከበሮና ጥሩንባ ይሰጧቸው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመላ አሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች ነበሩ። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ደርዘኖች ናቸው። የጠፉት አብዛኞቹ ትንንሾቹ ናቸው፤ የትንንሾቹ ጉዳይ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ይህን ስጽፍ «አርባ ልጆች» ትዝ ይሉኛል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አርባ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ የነሐስ ባንድ ሆነው ቆሙ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የአገሪቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። አርባ ልጅ ብዙ ነገር መሥራት ይችላል። ዲሲአይ ሜዳ ላይ ግን አርባ ልጅ ይዘህ ከ165 ጋር በአንድ ቀን ስትሰለፍ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው ትንሹ ቡድን የሚሸነፈው ድምፁ ስለሚያንስ ይመስለዋል። እስቲ እናስላው። አንዱ ቡድን 80 የነሐስ ተጫዋች አለው፣ ሌላው 24 እንበል። ሁሉም እኩል ቢነፉ የድምፃቸው ልዩነት 5 ዴሲቤል ገደማ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ «ይሄ እጥፍ ነው» የሚለው ልዩነቱ ወደ 10 ዴሲቤል ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ቢሆንም ድምፁ እጥፍ እንኳን አይሆንም። ጥሩ አየር የሚያወጡ 24 ልጆች ስታዲየም ይሞላሉ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ችግሩ ሌላ ነው። ትንሹ ቡድን ተጠባባቂ የለውም። ለልጆቹም፣ ለአሠልጣኞቹም፣ ለመኪናውም፣ ለገንዘቡም። ሌላው ጣጣ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ከትንፋሽ ልጀምር። ረጅም ድምፅ ሲያዝ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ነው የሚተነፍሱት። ሰማንያ ሆነው ሲነፉ አንዱ ትንፋሽ ቢወስድ ማንም አያውቅም። ቱባ፣ ትልቁን የነሐስ መሣሪያ፣ የሚነፉት ሦስት ሲሆኑ ግን አንዷ ስትተነፍስ ከድምፁ አንድ ሦስተኛው ይወርዳል። የትኛው ልጅ የትኛው ምት ላይ እንደሚተነፍስ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይጠናል። ከመካከላቸው አንዱ ደክሞት ሳይቆይ ከተነፈሰ ዳኛው ይሰማዋል።

ቃናም እንዲሁ ነው። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ኖታ ሲነፋ ትንንሽ ልዩነቶቹ ተቀላቅለው እንደ አንድ ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ። ሁለት ሰው ሲነፋ ግን ጥቂት ከተለያዩ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ሳይቀር «አንድ ነገር ልክ አይደለም» ይላል። ስለዚህ ትንሹ ቡድን ውስጥ ያለው ልጅ፣ ብዙ ጊዜም ጀማሪ የሆነው እሱ ነው፣ ትልቁ ቡድን ውስጥ ካለው የበለጠ ትክክል መሆን ይጠበቅበታል። ልምድ ያለው ልጅ የሚደበቅበት አለው። ልምድ የሌለው ግን የሚደበቅበት የለውም። እኔ በዚህ ስፖርት ውስጥ ትልቁ ፍርደ ገምድልነት ይሄ ይመስለኛል።

ስፖርት አልኩ። አይቆጨኝም። ሰኔና ሐምሌ ፀሐይ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ቱባ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ወደ ኋላ መሮጥ ስፖርት ካልሆነ ምን ስፖርት ነው?

ቤዝ ድራሙን ደግሞ እዩ። አራት ወይም አምስት ልጆች ናቸው የሚመቱት። የከበሮዎቹ መጠን ይለያያል፣ ቃናቸውም ይለያያል። አንድ ፈጣን ሐረግ ለሁሉም ተከፋፍሎ ይሰጣል። ይቺ አንድ ምት፣ ያ ሁለት ምት፣ ከዚያ ቀጣዩ። ለሰሚው አንድ ሰው የሚመታው ይመስላል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲጎድል ድምፁ አይቀንስም፣ ዜማው ይቦደሳል። አንድ ሰመር ከቤዝ ድራመሮቻችን አንዱ ልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ያን ሌሊት የከበሮ አሠልጣኙ ጅምናዚየም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የልጁን ምቶች ለቀሩት ሲያከፋፍል አደረ። ልጆቹ በማግስቱ ጠዋት አዲሱን አጠኑ፣ ማታ ተወዳደሩ። ትልቁ ቡድን ውስጥ ቢሆን ከዳር ሆኖ ሲያጠና የከረመ ሌላ ልጅ ሊገባ ይችል ነበር።

ሜዳው ላይ የሚሠራው ቅርጽም ያው ነው። 165 ሰው ሲሰለፍ አንድ ሰው ቢጎድል መስመሩን በቀላሉ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መዝጋት ይቻላል። በስድስት ሰው የተሠራ ቅስት ውስጥ አንድ ሲጎድል ግን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሁሉ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይታየዋል።

ብልህ የቅርጽ ንድፍ አውጪ ለዚህ መላ አለው። ልጆቹን ሜዳው መሃል ይሰበስባቸዋል። ከሜዳው ዳርና ዳር ይሸሻል። ትልልቅ መድረኮችና ጨርቆች አስገብቶ ሜዳውን ያጠበዋል። የተመልካቹን ዓይን አንዲት ልጅ ላይ ያሳርፋል። አንድ ትራምፔት ብቻውን ሲዘፍን ሃምሳ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ማየት ኃይል አለው። የሚያናድደኝ ንድፍ አውጪው ይህን ትቶ ትልልቆቹን ሊኮርጅ ሲሞክር ነው። ለ165 ሰው የታሰበ ሐሳብ በስልሳ ልጅ ሲሠራ ሁሉም ነገር ሳሳ ይላል። ልጆቹ እየሮጡ ያልቃሉ፣ ሜዳውም አይሞላም። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፣ የተሰጣቸው ልብስ ግን የሰው ልክ ነው።

የሚኮርጁበትን ምክንያት ግን እረዳለሁ። ከ100 ነጥብ 40ው አጠቃላይ ትርዒቱ በተመልካች ላይ ለሚፈጥረው ስሜት ነው። 30ው ለእይታ፣ 30ው ለሙዚቃ። እያንዳንዱ ዳኛ ሁለት ነገር ይመዝናል። የተጻፈው ነገር ምን ያህል የበሰለ ነው? ልጆቹስ ምን ያህል አሳክተውታል? ሁለተኛው ላይ ትንሹ ቡድን ከማንም ጋር መፎካከር ይችላል። መጀመሪያው ላይ ግን ብዙ ሰው ያለው ቡድን በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ነገር መደራረብ ይችላል። አንዱ ጥግ ይሮጣል፣ አንዱ ጥግ ይደንሳል፣ ከኋላ ዜማው ይገባል። ዳኛው አድልቶ አይደለም። የሚያየውን ነው የሚጽፈው። ግን የሚያየው ነገር ሰው ይፈልጋል።

ለዚህ ሲባል ነው ምድብ የተለየው። ትልልቆቹ ወርልድ ክላስ፣ አብዛኞቹ ትንንሾች ኦፕን ክላስ ይባላሉ። ያለፉት ዓመታት የኦፕን ክላስ ሻምፒዮና የሚካሄደው ኢንዲያና ውስጥ ማሪዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ ኢንዲያናፖሊስ ያቀናና ሉካስ ኦይል ስታዲየም ውስጥ ሐሙስ ዕለት ማጣሪያ ይካሄዳል። 25 ቡድን ወደ ግማሽ ፍጻሜ፣ 12 ብቻ ወደ ፍጻሜ ያልፋል። ጣሪያ ባለው በዚያ ግዙፍ ስታዲየም ስልሳ ልጅ ሲገባ ማየት ሆድ ያባባል። እኔ በጣም የምወደው ቀን ግን እሱ ነው።

ምድቡ ውስጥም ቢሆን ሁሉም ትንሽ እኩል ትንሽ አይደለም። «ብሉ ዴቪልስ ቢ» እና «ቫንጋርድ ካዴትስ» የሚባሉት ቡድኖች ከላያቸው ትልቅ ድርጅት አለ። የእናት ቡድናቸው ልምድ፣ ስምና ዕቃ ቅርባቸው ነው። ሁለቱም ምድቡን ደጋግመው አሸንፈዋል። ይገባቸዋል፣ ጎበዞች ናቸው። ከአንድ የትምህርት ቤት ግቢ ወላጆች ተሰባስበው ካቋቋሙት ቡድን ጋር ግን ያላቸው መነሻ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሐበሻ ወዳጆቼ ጋር ሁሌ የምንከራከረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ምርቃት ላይ አንድ ታላቅ ወንድሜ የምላቸው ሰው፣ «አንቺ፣ ልጅሽ ከበሮ እየተከተለች አውቶብስ ላይ እንድትከርም ነው ይሄን ሁሉ ብር የምትከፍይው?» አሉኝ። አክብሬ ሰማኋቸው። ከዚያ አውቶብሱ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ነገርኳቸው።

አውቶብስ ሠላሳ ልጅ ቢጭን ወይም ሃምሳ፣ የኪራዩ ዋጋ ያው ነው። መሣሪያ የሚጭነው ትልቅ መኪና ያስፈልጋል። ኩሽናው መኪና ያስፈልጋል፤ በቀን አራት ጊዜ ይመገባሉ፣ የምናበስለው እኛ ወላጆች ነን። የሚያድሩት በየከተማው በትምህርት ቤት ጅምናዚየም ወለል ላይ ነው፣ ለሱም ይከፈላል። ኢንሹራንስ አለ፣ ናፍጣ አለ፣ የሙዚቃው የባለቤትነት መብት ክፍያ አለ። ይህ ሁሉ ወጪ ልጅ ሲያንስ አብሮ አያንስም። ለ165 የሚካፈለው ለስልሳ ይካፈላል። የትንሹን ቡድን ክፍያ ከፍ ካደረግከው ልጆቹ ይቀራሉ። ዝቅ ካደረግከው አውቶብሱ ይቀራል። ብዙዎቹ ትንንሽ ቡድኖች ጉዞውን አሳጥረው፣ አጎራባች ግዛቶች ውስጥ ብቻ እየተወዳደሩ ነው የሚኖሩት። ሰመር ላይ ሠርቶ ለኮሌጅ መቆጠብ ላለበት ልጅ ይህ በረከት ነው። ግን ብዙ ዳኛ ፊት የቀረበ ቡድን ትርዒቱን ደጋግሞ ያሻሽላል። ጥቂት ጊዜ የቀረበው ያን ዕድል አያገኝም።

የኤሌክትሮኒክሱም ነገር አለ። ማይክሮፎን በ2004 ተፈቀደ፣ ሲንተሳይዘርና ሌላው ደግሞ በ2009። በወረቀት ላይ ትንሹን የሚጠቅም ይመስላል። እውነትም ሦስት ቱባ ብቻ ላለው ቡድን ሲንተሳይዘር ከሥር የሚያነሳው ወፍራም ድምፅ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ሚክሰሩን፣ ስፒከሩን፣ ጄኔሬተሩን፣ ያን ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያውን ማን ይከፍላል? ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ትልቁ ቡድን አንድ ስፒከር ቢበላሽበት ሌላ አለው።

ከዚህ ሁሉ ግን የትንሽ ቡድን አሠልጣኝን ልብ የሚሰብረው የልጆቹ መሄድ ይመስለኛል። አንዲት ልጅ ኖታ በቅጡ ሳታነብ ትመጣለች። ሁለት ሰመር ያስተምሯታል። ትበቃለች። ሦስተኛው ዓመት ላይ ትልቁ ቡድን ፈተና ወስዳ ታልፋለች። ማንም አትሂጂ አይላትም፣ ሊላትም አይገባም። በዚያው ወር ምትኳ ገና ከንፈሩን መሣሪያው ላይ ማስቀመጥ የሚማር ልጅ ነው። ትልልቆቹ ከኅዳር ጀምሮ ፈትነው፣ በየወሩ ካምፕ ጠርተው፣ ግንቦት ላይ ሙሉ ሆነው ይጀምራሉ። ትንሹ ቡድን ግንቦት ላይም «ሁለት ሜሎፎን (የነሐስ መሣሪያ ነው) የሚነፋ ይጎድለናል» እያለ ስልክ ይደውላል።

የእኔ ልጅም ፈተናው ቀርቦላት ነበር። የምንኖረው ኦሃዮ ነው። ካንተን የምትባለው ከተማ ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ናት፣ ብሉኮትስ እዚያው የተመሠረተ ቡድን ነው፣ በ2016ና በ2024 ሻምፒዮን ሆኗል። እዚህ አካባቢ ባሪቶን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያ የሚነፋ ልጅ ሁሉ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው እነሱን ነው። «አትሞክሪም?» አልኳት። «እማዬ፣ እኔ ከወጣሁ ሁለተኛውን ባሪቶን ማን ይነፋል?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ኃላፊነት የሚሰጥ ቦታ ብዙ አላውቅም። ሸክምም ነው፣ ክብርም ነው። ሁለቱንም ፊቷ ላይ አየሁ።

ትልቅ መሆንም ዋስትና አይደለም። ካዴትስ የሚባለው ቡድን (ከቫንጋርድ ካዴትስ የተለየ ነው) በ1934 በኒው ጀርሲ፣ ጋርፊልድ ከተማ፣ ከአንድ የካቶሊክ አጥቢያ የተነሳ ነው። አሥር የዲሲአይ ሻምፒዮናዎች አሸንፏል። በ2024 በፍርድ ቤት ክስና በገንዘብ ጫና ተዘጋ። ሳንታ ክላራ ቫንጋርድም ያን የመሰለ ስም ይዞ በ2023 በገንዘብ ችግር ሳይወዳደር ቀረ፣ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ። ገንዘብ ሲያልቅ ዋንጫ አውቶብስ አይከራይም።

የሚያጽናናኝ ሌላ ነው። ትሩፐርስ የሚባለው ቡድን በ1957 የተመሠረተው ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ካስፐር ነው። ሰው ከሚኖርባቸው ትልልቅ ከተሞች ሁሉ የራቀ ቦታ ነው። በ2006 በገንዘብ ችግር ከውድድር ወጣ። በ2007 ተመለሰ። በ2009 ፍጻሜ ገባ። ቦስተን ክሩሴደርስ ደግሞ በ1940 ነው የተመሠረተው፣ ከዲሲአይ መነሻ ጀምሮ እየተወዳደረ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ የደረሰው በ1999 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት! በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዕዳ የከፈሉ፣ ቢንጎ ያጫወቱ፣ ሳንድዊች የጠቀለሉ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ዋንጫውን አላዩም። እኔ የማስበው ስለ እነሱ ነው።

ሁሉም ትንሽ ቡድን ቦስተን ይሁን አልልም። አብዛኛው አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። የእኛ ቡድን ስልሳ ልጅ ይዞ ስልሳ ዓመት ቢኖር ለእኔ ሙሉ ነው። ዲሲአይ ለትንንሽ ስብስቦች ሳውንድስፖርት የሚባል መድረክ ከፍቷል። እዚያ ትልቅ ሜዳ መሙላት አያስፈልግም፣ ቡድኑ የወርቅ፣ የብር ወይም የነሐስ ደረጃ ይሰጠዋል። ጥሩ ጅምር ነው። እኔ ግን ኦፕን ክላሱም ራሱ እንዲጠበቅ እፈልጋለሁ። የውድድር ቦታዎች ቅርብ ለቅርብ ይሁኑ፣ ትንንሾቹ አውቶብስና ኩሽና መኪና የሚጋሩበት መንገድ ይፈለግ፣ ትልልቆቹ ልጅ ሲወስዱ ያሠለጠነውን ቡድን በአሮጌ መሣሪያም ቢሆን ይደግፉ።

አንድ ነገር ግን ተመልካቹ ራሱ ዛሬውኑ ማስተካከል ይችላል። የውድድሩ ተራ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በነጥብ ነው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያለው መጀመሪያ ይገባል። ትንንሾቹ ሜዳ የሚገቡት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው ገና መኪና እያቆመ፣ ሆት ዶግ ተሰልፎ እየገዛ ሳለ ነው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የደከሙበትን ለባዶ ወንበር ይጫወታሉ። ባዶ ስታዲየም ውስጥ ደግሞ ያ 40 ነጥብ የሚሰጠው «ስሜት» ከየት ይመጣል? ዳኛም ሰው ነው፣ ጭብጨባ ይሰማል።

በሐምሌ ውስጥ ከከተማችሁ አቅራቢያ ውድድር ካለ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከበሩ መከፈቻ ጀምሮ ግቡ። ምግቡን በኋላ ግዙት። መጀመሪያ የሚገቡትን ቡድኖች ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ እልል በሉ፤ ጎረቤታችሁ ቢገላመጥ ግድ አይስጣችሁ። ሲጨርሱ ደግሞ ከስታዲየሙ ውጭ አውቶብሶቹ ጋ ብትመጡ ከወላጆች አንዳችንን ታገኛላችሁ። ሽንኩርት የሚከትፍ እጅ ሁሌም ያንሰናል።